የራስን መሣሪያ በራስ እጅ ስለ መጠገን

የአንድ ዕቃ ባለቤት ነኝ ለማለት በገንዘብ መግዛት ብቻ አይበቃም። ገንዘብ ዕቃውን ከሱቅ ወደ ቤት ያመጣዋል እንጂ ዕውቀቱን አያመጣውም። ዕቃው ሲበላሽ የምንፈራው፣ ሲደክም የምንጥለው፣ በውስጡም ምን እንዳለ የማናውቀው ከሆነ እኛ ለዕቃው እንግዶች ነን፤ ዕቃውም በቤታችን እንግዳ ሆኖ ይኖራል። ይህ አሳብ ስለ ብዙ ነገር ሊነገር የሚችል ቢሆንም፣ በዓመት አንድ ጊዜ በሚወጣው በዚህ መጽሔታችን ላይ ልናገርበት የፈለግሁት ስለ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ይኸውም ስለ ጊታር ነው።

ከመገናኛ እስከ ኮተቤ፣ ከቀበና ወንዝ እስከ ፈረንሳይ ለጋሲዮን፣ ከዚያም ሽቅብ እስከ እንጦጦ ግርጌ ድረስ ባሉት ሰፈሮቻችን ጊታር ያለበት ቤት ጥቂት አይደለም። አንዱ ከውጭ አገር ዘመድ የተላከ ነው፤ ሌላው ልጁ ፈተናውን በማለፉ ወላጆቹ የሸለሙት ነው፤ ሌላውም ከታላቅ ወንድም የተወረሰ ነው። ነገር ግን ከእነዚህ ሁሉ ውስጥ ድምፃቸው የሚሰማው ስንቶቹ ናቸው? ብዙዎቹ በቁም ሣጥን ላይ ተጋድመው አቧራ ይለብሳሉ፤ አለዚያም እንደ ሥዕል ከግድግዳ ላይ ተሰቅለው ይኖራሉ። ባለቤቱን «ስለ ምን አትጫወትበትም?» ብለው ቢጠይቁት «ተበላሽቷል» ይላል። ምኑ እንደ ተበላሸ ግን አያውቅም።

እኔ ግን የምለው ይህ ነው። የሙዚቃ መሣሪያ ያለው ተማሪ ሁሉ መሣሪያውን መመርመር፣ ማስተካከልና ቀላሉን ጉዳት መጠገን መቻል አለበት። ትምህርት ቤታችንም ለዚህ ሥራ አንድ ጠረጴዛና ጥቂት መሣሪያ ቢያዘጋጅ ከሚያወጣው ገንዘብ ይልቅ የሚያገኘው ጥቅም ይበልጣል። ይህን የምለው በልምድ እንጂ በምኞት ብቻ አይደለም፤ ምክንያቶቼንም በተራ እገልጻለሁ።

በመጀመሪያ፣ «ጊታር የፈረንጅ ዕቃ ነውና የሚጠግነውም ፈረንጅ ወይም ፈረንጅ ያስተማረው ሰው ነው» የሚሉ አሉ። የውጭ መሣሪያዎች ወደ አገራችን ሲገቡ ከውጭ አስተማሪዎች ጋር መግባታቸው እውነት ነው። በ1916 ዓ.ም. ራስ ተፈሪ ከኢየሩሳሌም ያመጧቸው 40ዎቹ የአርመን ልጆች በነሐስ መሣሪያዎቻቸው በአዲስ አበባ የሙዚቃ ጓድ አቁመው ነበር፤ መሪያቸውም ኬቮርክ ናልባንዲያን ነበሩ። ነገር ግን መሣሪያ ከውጭ መጣ ማለት ጥበቡ ለዘላለም የውጭ ሆኖ ይቀራል ማለት አይደለም። ማንዶሊንም የመጣው ከውጭ ነበር፤ ዛሬ ግን አየለ ማሞ ሲጫወቱበት ሰምቶ የባዕድ ድምፅ ነው የሚል ኢትዮጵያዊ የለም።

ከዚህም በላይ፣ ባለ ክር መሣሪያን አስተካክሎ ማበጀት ለእኛ አዲስ ዕውቀት አይደለም። በገናን እንመልከት። በገና 10 አውታሮች አሉት፤ አውታሮቹም ከበግ አንጀት ይሠራሉ። አውታሮቹ በሚያርፉበት በበርኩማው ላይ፣ በአውታሩና በበርኩማው መካከል፣ እንዚራ የምትባል ትንሽ ቁራጭ ቆዳ ትገባለች። ያ የበገና ልዩ የሆነው የሚያንዘረዝር ድምፅ የሚመጣው ከእርሷ ነው። ደርዳሪው እንዚራዋን በጥቂቱ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች እያንቀሳቀሰ፣ ጆሮውን አዘንብሎ እያዳመጠ፣ ድምፁ እስኪያምርለት ድረስ ይደክማል። ይህንን ሥራ ሌላ ሰው አይሠራለትም። በገና የሚደረድር ሰው በገናውን ማበጀት የማይችል ከሆነ ገና አልተማረም ይባላል።

እንግዲህ ነገሩን ልብ እንበል። በበገና ላይ አውታሩ እንዲያንዘረዝር እንሠራለን፤ በጊታር ላይ ደግሞ ክሩ እንዳያንዘረዝር እንሠራለን። የሚፈለገው ድምፅ ተቃራኒ ቢሆንም ጥበቡ አንድ ነው፤ ክሩ ከሚያርፍበት ነገር ጋር ያለውን ርቀት በፀጉር ልክ መለካት ነው። እንጦጦ ላይ ተወልደው ያደጉት ታዋቂው በገና ደርዳሪ ዓለሙ አጋ ይህን ጥበብ የተማሩት በልጅነታቸው ከጎረቤታቸው ከአለቃ ተሰማ ወልደ አማኑኤል ነው። በኋላም በያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት አስተምረዋል። በደርግ ዘመን የበገና ትምህርት ከትምህርት ቤቱ ተቋርጦ፣ ድምፁም ከሬዲዮ ጠፍቶ በነበረ ጊዜ ጥበቡ ያልጠፋው በየቤቱ መሣሪያውን የሚያውቁ እጆች ስለ ነበሩ ነው። ስለዚህ የመሣሪያ ዕውቀት በቤት ውስጥ መኖሩ ቀላል ነገር አይደለም።

ክራርም እንዲሁ ነው። በክረምት ቆዳው ርጥበት ጠጥቶ ሲላላ ባለቤቱ ወደ ፀሐይ ወይም ወደ እሳት ጠጋ ያደርገዋል፤ ክሩ ሲበጠስ እርሱው ይቀጥላል፤ ከትዝታ ወደ ባቲ፣ ከባቲ ወደ አምባሰል ሲሻገር ቅኝቱን በገዛ እጁ ይለውጣል። ክራራቸውን ይዘው የተወደዱት ሜሪ አርምዴና አስናቀች ወርቁ ሴቶች መሆናቸውንም እኅቶቻችን ልብ ይበሉት፤ ይህ ሥራ የወንድ ብቻ ነው የሚል ሰው ቢኖር የአገሩን ሙዚቃ አያውቅም። አዝማሪውስ ቢሆን የማሲንቆውን የፈረስ ጭራ ለማሰር ባለሙያ ሲፈልግ ማን አየው? እንግዲያው አያቶቻችን በክራርና በማሲንቆ ላይ የነበራቸውን ድፍረት እኛ በጊታር ላይ የምናጣበት ምክንያት ምንድን ነው?

ሁለተኛው ምክንያቴ ጉዳቱ ብዙ ጊዜ ትንሽ መሆኑ ነው። የዛሬ ዓመት በክፍላችን የሚማር አንድ ልጅ ጊታሩ በተመታ ቁጥር «ዝርር» እያለ አስቸገረው። ስሙን የማልጠቅሰው አንድ መሸጫ ቤት ወስዶ ቢያሳይ «አንገቱ ጠሟል፤ አይድንም፤ ሌላ ግዛ» ተባለ። አባቱም ሌላ የሚገዙበት ገንዘብ ስላልነበራቸው ጊታሩ አልጋ ሥር ገባ። ከሁለት ወር በኋላ ታላቅ እኅቱ አውጥታ አንድ በአንድ ብትፈትሸው ከመቃኛዎቹ አንዱ ላይ ያለ ትንሽ ብሎን ላልቶ ተገኘ። የሚያንዘረዝረው እርሱ ነበር። በካቻቢቴ ሁለት ጊዜ አዙራ አጠበቀችው፤ ድምፁም ጠራ። በዚህ ነገር ክፉ ሰው ነበረ ለማለት አልደፍርም፤ ምናልባት ሻጩም አላወቀ ይሆናል። ነገር ግን ባለማወቅ ምክንያት አንድ ልጅ ሁለት ወር ሙሉ ከሙዚቃ ተለይቶ ኖረ።

ስለዚህ አንድ ጊታር ታመመ ሲባል በምን ተራ እንደሚመረመር በአጭሩ ልግለጽ። ሐኪም በሽተኛውን ሳያይ መድኃኒት እንደማይሰጥ ሁሉ፣ እኛም ሳንመረምር መሞረድ የለብንም።

መጀመሪያ ማየት ነው። ጊታሩን ከአቧራው አጽድቶ፣ ብሎኖቹ የጠበቁ መሆናቸውን፣ እንጨቱ ያልተሰነጠቀ መሆኑን፣ ክሮቹ የሚታሰሩበት ከገላው ላይ የተለጠፈው እንጨት ያልተነሣ መሆኑን መፈተሽ ይገባል። አንድ ወረቀት ከሥሩ ከገባ መላቀቅ ጀምሯል ማለት ነው።

ቀጥሎ የክሩን ዓይነት ማወቅ ነው። በእኛ ዘንድ ጊታር ከሚገድሉት ነገሮች አንደኛው ይህ ነው ብዬ አምናለሁ። ለናይለን ክር የተሠራ ጊታር አለ፤ ለብረት ክር የተሠራም አለ። ናይለን ክሮች ስድስቱም ተወጥረው ጊታሩን የሚስቡት በግምት በ40 ኪሎ ግራም ክብደት ልክ ነው፤ የብረት ክሮች ግን እስከ 70 ኪሎ ግራም ድረስ ይስባሉ። ይህ ከግማሽ ኩንታል ጤፍ በላይ ነው። ለናይለን በተሠራ ቀጭን ጊታር ላይ የብረት ክር ማሰር በአህያ ላይ የግመል ጭነት እንደ መጫን ነው። በዚያው ቀን ባይሰበርም ቀስ በቀስ ገላው ያብጣል፤ አንገቱ ይጎብጣል፤ በመጨረሻም የተለጠፈው እንጨት ተነሥቶ ይወድቃል። «ድምፁ እንዲጮህ» ብለው ይህን የሚያደርጉ ጓደኞቻችን ብዙዎች ናቸውና ይጠንቀቁ።

ሦስተኛው አንገቱን መመልከት ነው። ክሩን በመጀመሪያው ፍሬትና አንገቱ ከገላው ጋር በሚገናኝበት ፍሬት ላይ በሁለት እጅ ተጭኖ፣ መካከል ላይ በክሩና በፍሬቱ መካከል ያለውን ክፍተት ማየት ነው። የአንድ ጠንካራ ወረቀት ውፍረት ያህል ክፍተት ቢኖር ደግ ነው። ከዚያ እጅግ ከበለጠ አንገቱ ወደ ፊት ጎብጧል፤ ምንም ክፍተት ከሌለ ወደ ኋላ ተገልብጧል። አብዛኞቹ የብረት ክር ጊታሮች በአንገታቸው ውስጥ የሚያልፍ የብረት ዘንግ አላቸው። ዘንጉ በብሩጎላ ይዞራል፤ ሲጠብቅ አንገቱን ያቃናል፤ ሲላላ ደግሞ ክሮቹ እንዲስቡት ይለቀዋል። ነገር ግን በአንድ ጊዜ ከሩብ ዙር በላይ ማዞር አይገባም። ሩብ አዙሮ፣ ቃኝቶ፣ ቆይቶ ማየት ነው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የተባለው ለዚህ ነው፤ በዚህ ላይ ግን የፈሰሰው ላይለቀም ይችላል።

አራተኛው የክሩን ከፍታ መለካት ነው። በ12ኛው ፍሬት ላይ ከፍሬቱ ራስ እስከ ክሩ ሥር ያለው ርቀት ለብረት ክር ከ2 እስከ 2.5 ሚሊ ሜትር፣ ለናይለን ክር ከ3 እስከ 4 ሚሊ ሜትር ቢሆን ይመቻል። ከዚህ እጅግ ከፍ ካለ የጀማሪው ጣት ይቆስላል፤ ልጁም «እኔ ለሙዚቃ አልተፈጠርሁም» ብሎ ይተወዋል። ለሙዚቃ ያልተፈጠረው ግን ልጁ ሳይሆን የክሩ ከፍታ ነው። ለማውረድ ክሩ በታች በኩል የሚያርፍባትን ነጭ አጥንት አውጥቶ፣ ሥሯን በጠፍጣፋ ነገር ላይ በተዘረጋ ብርጭቆ ወረቀት በጥቂቱ ማሸት ነው። እዚህ ላይ የሒሳብ ትምህርታችን ያገለግለናል፤ 12ኛው ፍሬት የክሩ እኩሌታ ላይ ስለሚገኝ፣ በዚያ ላይ 1 ሚሊ ሜትር ለማውረድ ከአጥንቷ ሥር 2 ሚሊ ሜትር መቀነስ ያስፈልጋል። ይህን የማያውቅ ሰው አንድ ሸርፎ «ምንም አልተለወጠም» ብሎ ይደነግጣል፤ አለዚያም ያለ ልክ ይፍቅና ክሩ ሁሉ ያንዘረዝርበታል። አጥንቷ ከመጠን በላይ ካነሰች ሌላ ከበሬ አጥንት በሞረድ መሥራት ይቻላል።

አምስተኛው ላይኛዋን አጥንት፣ ማለት ከአንገቱ ጫፍ ያለችውንና ስድስት ስንጥቆች ያሏትን መፈተሽ ነው። ሲቃኙ «ጢቅ» የሚል ድምፅ ከተሰማና ቅኝቱ ቶሎ ቶሎ ከተበላሸ ክሩ በስንጥቁ ውስጥ ተይዟል ማለት ነው። መድኃኒቱ በደብተራችን ላይ የምንጽፍበት እርሳስ ነው፤ ጫፉን በስንጥቁ ውስጥ ማመላለስ ብቻ ነው። የእርሳሱ ዱቄት ክሩን ያንሸራትተዋል።

በመጨረሻም ቅኝቱን መፈተን ነው። ከወፍራሙ ወደ ቀጭኑ ሲቆጠር አምስተኛውን ቦታ ሳይሆን ሁለተኛውን ወፍራም ክር በሴኮንድ 110 ጊዜ እንዲንቀጠቀጥ ቃኝቶ ሌሎቹን ከእርሱ መቅዳት ይቻላል፤ ዛሬ ይህን የሚለካ መቃኛ በብዙ ስልክ ውስጥ ይገኛል። ከዚያ ክሩን በ12ኛው ፍሬት ላይ ተጭኖ መምታትና፣ በዚያው ቦታ ላይ ሳይጫኑ ጣትን ብቻ አስነክቶ መምታት ነው። ሁለቱ ድምፆች አንድ ከሆኑ መሣሪያው ልክ ነው። ተጭነው የመቱት ከፍ ካለ ወይም ዝቅ ካለ አሮጌ ክር ወይም የቦታ ልክ ጉድለት አለና መጀመሪያ ክሩን መለወጥ ነው።

አንባቢ ሆይ፣ ይህ ሁሉ ከክፍል ትምህርታችን የራቀ መሰለህን? ክሩን በእኩሌታው ላይ ብንይዘው ድምፁ በአንድ ስምንተኛ ከፍ ማለቱ የፊዚክስ ሕግ ነው። ፍሬቶቹም በዘፈቀደ የተቀመጡ አይደሉም። የክሩ ርዝመት 650 ሚሊ ሜትር ከሆነ ለ17.8 ሲካፈል 36.5 ሚሊ ሜትር ያህል ይሆናል፤ የመጀመሪያው ፍሬት ከላይኛዋ አጥንት በዚያ ርቀት ላይ ይገኛል። የቀረውን ርዝመት እንደ ገና ለ17.8 ብናካፍል ሁለተኛውን እናገኛለን፤ እንዲህ እያልን ስንሄድ 12ኛው ፍሬት እኩሌታው ላይ ያርፋል ለማለት ይቻላል። በጥቁር ሰሌዳ ላይ ሲጻፍ የሚያንቀላፋ ተማሪ በእጁ ሲለካው ይነቃል።

ስለ አገራችን አየርም ጥቂት ልበል፤ ሌሎች አገሮች የጻፉት መመሪያ ለእንጦጦ ግርጌ አልተጻፈምና። በእኛ ዘንድ ከሰኔ እስከ መስከረም ዝናብ ነው፤ ከጥቅምት ወዲያ ደግሞ ደረቅ ነፋስና ጠንካራ ፀሐይ ነው። እንጨት ከዛፉ ከተቆረጠ በኋላም ይጠጣል፤ ይጠማልም። በክረምት ርጥበት ስቦ ያብጣል፤ የጊታሩም ገላ ከፍ ስለሚል ክሩ ከጣት ይርቃል። በበጋ ይኮማተራል፤ ገላው ዝቅ ይልና ክሩ ያንዘረዝራል፤ የፍሬቶቹም ጫፍ ከእንጨቱ ጎን ወጥቶ እጅ ይቧጭራል፤ ሲብስም ይሰነጠቃል። ስለዚህ በነሐሴ የተስተካከለ ጊታር በጥር ቢለወጥ ጠንቋይ መጠየቅ አያስፈልግም። ጊታርን ከምድጃ አጠገብ፣ ከመስኮት ፀሐይ ሥር ወይም ከሚያፈስ ቆርቆሮ በታች አለማኖር፣ በከረጢቱ ውስጥ ማስቀመጥ፣ በደረቁ ወራትም በተበሳ የሳሙና ማስቀመጫ ውስጥ ርጥብ ስፖንጅ አድርጎ ከከረጢቱ ውስጥ ማኖር ይጠቅማል።

ከእንጨት ጋር መኗኗር ደግሞ አካባቢያችንን እንድናውቅ ያደርገናል። ከተራራችን ላይ ብዙውን የሚሸፍነው በዐፄ ምኒልክ ዘመን የመጣው ባሕር ዛፍ ነው። ለቤት ማገርና ለማገዶ ብዙ ጠቅሟል፤ እናቶቻችን በጀርባቸው ተሸክመው ሲወርዱ ያላየ የለም። ነገር ግን ሲደርቅ ስለሚጣመምና ስለሚሰነጠቅ ለመሣሪያ ገላ አይመችም። የአገራችን መሣሪያ ሠሪዎች ዋንዛን የሚመርጡት ቀላልና ለመቅረጽ የማያስቸግር፣ ሲደርቅም የማይከዳ ስለ ሆነ ነው። ይህን ልዩነት የሚያውቅ ተማሪ ወደ እንጦጦ ሲወጣ ጫካውን በሌላ ዓይን ያየዋል።

አሁን ደግሞ ተቃዋሚዎቼን ልስማ። አንዳንዶች «ልጆቹ ባልተማረ እጅ ውድ ዕቃ ያበላሻሉ» ይላሉ። ይህ እውነተኛ ስጋት ነው፤ ስለዚህም ወሰን መኖር አለበት። አንገቱ የተሰበረ፣ ራሱ የተገነጠለ፣ ገላው በሰፊው የተሰነጠቀ ጊታር ወደ ባለሙያ ይሂድ። በኤሌክትሪክ የሚሠራ ማጉያ ሣጥን ደግሞ ከሶኬት ተነቅሎም ቢሆን በውስጡ አደገኛ ኀይል ሊያቆይ ስለሚችል ማንም ተማሪ እንዳይከፍተው። ክር ሲወጠርም ፊትን ማራቅ ይገባል፤ የተበጠሰ ብረት ለዓይን አይራራም። ወሰኑን ማወቅ ራሱ ከዕውቀቱ አንዱ ክፍል ነው።

ሌሎች «የጥገና ባለሙያዎችን እንጀራ ትዘጋላችሁ» ይላሉ። እኔ ግን ተቃራኒውን አያለሁ። ጊታሩ አልጋ ሥር የተኛበት ሰው ለባለሙያ አንድ ሳንቲም አይከፍልም። መሣሪያውን የሚያውቅና የሚጫወትበት ሰው ግን ክር ይገዛል፤ ከባድ ጉዳት ሲደርስም ምን እንደሚጠይቅ ዐውቆ ወደ ባለሙያው ይሄዳል፤ ጥሩውንም ሠራተኛ ከአታላዩ ይለያል። ጥሩ ሠራተኛ የሚያውቅ ደንበኛ አይፈራም።

ከሁሉ የሚከብደው ሦስተኛው ተቃውሞ ነው፤ እርሱም ብዙ ጊዜ በግልጽ አይነገርም። «ልጄን ትምህርት ቤት የላክሁት ሞረድና ኮላ እንዲይዝ አይደለም» የሚል አሳብ በአንዳንድ ወላጆቻችን ልብ ውስጥ አለ። ይህ አሳብ የቆየ ነው። በአገራችን ብረት የሚቀጠቅጠው፣ ሸማ የሚሠራው፣ ቆዳ የሚፍቀው ሰው ለብዙ ዘመን ሲሰደብ ኖሯል፤ አዝማሪውም ቢሆን በግብዣ ላይ ይፈለጋል እንጂ በጋብቻ አይፈለግም ነበር። ነገር ግን በዚሁ ከበላያችን በሚታየው እንጦጦ ላይ ከተማ ሠርተው የነበሩት ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት ዐዋጅ ሰውን በእጅ ሥራው መስደብን ከልክለዋል። ከመቶ ዓመት በላይ አልፎታል። እንግዲህ ንጉሠ ነገሥቱ በዐዋጅ ያስቀሩትን ነውር እኛ በቤታችን ይዘን መቆየታችን አያሳፍርምን?

ልጁ በእጁ መሥራቱ ከትምህርቱ መውረዱ አይደለም። ሲመረምር ምክንያትን ከውጤት መለየት ይማራል። ሲለካ እውነቱን መናገር ይማራል፤ ማስመሪያው 3 ሚሊ ሜትር ካለ ሁለት ነው ብሎ መዋሸት አይቻልምና፤ ቢዋሽም ክሩ ራሱ ይመሰክርበታል። ሲያሽ መታገሥን ይማራል፤ የተፋቀ አጥንት ተመልሶ አይበቅልም። እነዚህ ሦስቱ ምርመራ፣ እውነትና ትዕግሥት ለሐኪምም፣ ለመሐንዲስም፣ ለዳኛም የሚያስፈልጉ ናቸው። ዕቃ ሲበላሽ «ሌላ ግዙልኝ» ማለትን ብቻ የለመደ ልጅ ነገ አገር ሲበላሽበት ምን ይል ይሆን?

ስለዚህ ለሦስት ወገኖች ሦስት ነገር አቀርባለሁ።

ለትምህርት ቤታችን አስተዳዳሪዎችና መምህራን፤ በእንጨት ሥራ ወይም በቤተ ሙከራ ክፍል አንድ ማዕዘን ይሰጠን። የሚያስፈልገው አንድ ጽኑ ጠረጴዛ፣ አንድ ሞርሳ፣ ሁለት ካቻቢቴ፣ የብሩጎላ ስብስብ፣ ጥቂት ሞረዶች፣ ብርጭቆ ወረቀት፣ ኮላና አንድ የብረት ማስመሪያ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሁለት ሰዓት ቢፈቀድልን ይበቃል። የተጠገነው ሁሉ በአንድ መዝገብ ይጻፍ፤ ምን ታመመ፣ ምን ተደረገለት፣ ዳነ ወይስ አልዳነም፤ የሚመጣው ዓመት ተማሪ ከዚያ ይማራል። በዓመት አንድና ሁለት ጊዜም በገናና ክራር የሚሠሩ አባቶችና እናቶች ተጠርተው እጃቸውን ያሳዩን።

ለወላጆቻችን፤ ልጃችሁ ጊታሩን ፈትቶ ብታገኙት ከመቆጣታችሁ በፊት «ምን አገኘህበት?» ብላችሁ ጠይቁት። መልስ ካለው እየተማረ ነው። መልስ ከሌለው ያን ጊዜ ብትቆጡት አልፈርድባችሁም።

ለጓደኞቼ፤ ዛሬ ማታ ቤታችሁ ስትገቡ ከግድግዳው አውርዱት። አቧራውን ጥረጉለት። ብሎኖቹን ፈትሹ፤ ክሩ የናይለን ይሁን የብረት እዩ፤ ከፍታውን በማስመሪያ ለኩና በወረቀት ጻፉ። ከዚያ በላይ በመጀመሪያው ቀን ምንም አትንኩ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል። ባለቤቱ ያቀለለውን አሞሌ ባለዕዳ አይቀበለውም ይባላልና፣ እናንተ ያላከበራችሁትን መሣሪያ ሌላ ማንም አያከብርላችሁም።

የሚመጣው ዓመት መጽሔታችን ሲታተም በዚህ ገጽ ላይ የማንበብ ምኞቴ የእኔን ምክር ሳይሆን ከዚያ መዝገብ የተወሰደ ዝርዝር ነው፤ ስንት ጊታር፣ ስንት ክራር፣ ስንት ማሲንቆ በተማሪዎች እጅ ተጠግኖ ወደ ድምፁ እንደ ተመለሰ።